ለዶላርሽ ማደሪያውን ቀድመሽ ምረጪ

ልጄ፣ ባለፈው በስልክ ስናወራ ካልጋሪ በሚገኘው ሆስፒታል ቋሚ ነርስ ሆነሽ ከተቀጠርሽ ወዲህ በየወሩ 500 ዶላር እየቆጠብሽ ስልክሽ ላይ ባለው አፕ ኢቲኤፍ መግዛት እንደጀመርሽ ነገርሽኝ። ደስ አለኝ። በየትኛው አካውንት እንደምትገዢ ስጠይቅሽ ግን «ያው የኢንቨስትመንት አካውንት ነዋ!» አልሽኝ። እኔ በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ የአገራችንን ሰዎች የታክስ ፎርም ሳስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን መልስ ከብዙ ጎበዝ ልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን የታክስ ደብዳቤም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወራት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አካውንቱ ጎተራው ነው፤ ኢቲኤፉ፣ አክሲዮኑ፣ ጂአይሲው (የባንክ የጊዜ ተቀማጩ) እህሉ ነው። ያው ጤፍ በሁለት ጎተራ ቢከተት ጤፍነቱ አይለወጥም፤ ነገር ግን አንዱ ጎተራ ግብር ሰፋሪ በየዓመቱ የሚገባበት ነው፣ ሌላው በሕግ በሩ የተዘጋበት። ሰዎቻችን ሲመካከሩ የምሰማው ስለ እህሉ ብቻ ነው፦ የትኛው አክሲዮን ይጨምራል፣ የትኛው ባንክ የተሻለ ወለድ ይሰጣል። ገበያው የሚያደርገውን አንቺም እኔም አናዝዘውም። ጎተራውን ግን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ ምርጫውም አንድ ሳንቲም አያስወጣሽም።

መጀመሪያ ከታክስ ከለላ የሌለውን አካውንት ልንገርሽ፤ አፑ ምንም ሳትጠይቂው የሚከፍትልሽ ብዙ ጊዜ እርሱን ነውና። እዚያ ውስጥ ከሁሉ ክፉኛ የሚመታው ወለድ ነው። እንደ ደመወዝሽ ሙሉ በሙሉ ገቢሽ ላይ ይደመራል። በዓመት 80,000 ዶላር ገደማ የምታገኚ በመሆንሽ የመጨረሻዎቹ ዶላሮችሽ የፌዴራልና የአልበርታ ታክስ ተደምሮ 30 በመቶ አካባቢ ይከፈልባቸዋል። ለሒሳቡ ቀላልነት 30 ብለን እንያዘው። ከጂአይሲ 1,000 ዶላር ወለድ ብታገኚ 300 ይሄዳል ማለት ነው። የካናዳ ኩባንያዎች የሚሰጡት የትርፍ ድርሻ፣ ኩባንያው አስቀድሞ ታክስ ስለከፈለበት፣ በታክስ ክሬዲት ይቀልልሻል። አክሲዮን አትርፈሽ ስትሸጪ ደግሞ ገቢ ሆኖ የሚቆጠረው የትርፉ ግማሽ ብቻ ነው፤ 1,000 ብታተርፊ 150 ትከፍያለሽ። ከ1972 በፊት በካናዳ እንዲህ ያለው ትርፍ ጭራሽ ታክስ አልነበረበትም። በ1990ዎቹ ሦስት አራተኛው ይታከስ ነበር። በ2024 መንግሥት ከ250,000 ዶላር በላይ ለሆነ የግለሰብ ትርፍ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ ሊያደርገው አስቦ በመጋቢት 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ካርኒ ሰርዘውታል። ይህን የምነግርሽ ታክስ የሚከፈልበት አካውንት ደንቡ የሚለዋወጥ መሆኑን እንድታውቂ ነው።

4 በመቶ ወለድ የሚያስገኝ ገንዘብ ታክስ ካልነካው በ18 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በየዓመቱ 30 በመቶው ሲቆረጥበት 4ቱ 2.8 ይሆንና እጥፍ ለመሆን 25 ዓመት ይፈጅበታል። ሰባት ዓመት ከዕድሜሽ ላይ ማለት ነው። ታክሱ በአንድ ዓመት ሲታይ ትንሽ ስለሚመስል ማንም አይደነግጥም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው አለመደንገጥ ነው።

አሁን ወደ ቲኤፍኤስኤ ልምጣ። በ2009 የተጀመረ ከታክስ ነፃ የቁጠባ አካውንት ነው። የምታስገቢው ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ ነው፣ ውስጡ የሚያፈራው ወለድም ሆነ የአክሲዮን ትርፍ አይታከስም፣ ስታወጪውም አይታከስም፣ ታክስ ስትሞዪም አይጻፍም። በየዓመቱ ማስገባት የሚፈቀድልሽ መጠን፣ ሁላችንም ሩም የምንለው፣ ከ2024 ጀምሮ 7,000 ዶላር ነው። ያልተጠቀምሽበት ሩም አይቃጠልም፤ ይጠራቀማል።

እዚህ ላይ ግን ስደተኛ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ካናዳ ተወልዶ በ2009 ዕድሜው 18 የሞላ ሰው እስከ 2025 ድረስ የተጠራቀመለት ሩም 102,000 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በየካፌው ይወራል። ቁጥሩ ግን ያንቺ አይደለም። ሩም የሚቆጠረው 18 ዓመት ሞልቶሽ የካናዳ ነዋሪ ከሆንሽበት ዓመት ጀምሮ ነው። አንቺ በ2019 በ20 ዓመትሽ መጣሽ። ከ2019 እስከ 2022 በየዓመቱ 6,000፣ በ2023 6,500፣ በ2024 እና በ2025 7,000 ሲደመር 44,500 ዶላር ነው። ከዚህ ካለፍሽ ባለፍሽበት መጠን ላይ በየወሩ 1 በመቶ ቅጣት ይከፈላል። 5,000 ዶላር ብታሳልፊ በወር 50 ዶላር፤ እስክታወጪው ድረስ ይቆጥራል።

ሌላው ወጥመድ ማውጣትና መመለስ ነው። ለሠርግ ወይም ለአገር ቤት ጉዞ ብለሽ በሰኔ 6,000 ብታወጪ፣ ያ ሩም የሚመለስልሽ በመጪው ጥር 1 ቀን ነው። በጥቅምት እጅሽ ላይ ገንዘብ ገብቶ «የራሴን ገንዘብ ልመልሰው» ብትይ፣ ሌላ ክፍት ሩም ከሌለሽ፣ ቅጣት ውስጥ ትገቢያለሽ። ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት የቅጣት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከተቀጡት አንዱም ሕግ ሊያጭበረብር ያሰበ አልነበረም።

ቲኤፍኤስኤ በስሙ ውስጥ ቁጠባ የሚል ስላለ የወለድ ደብተር ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሙስሊም ጓደኛሽ በዚህ ምክንያት ከነጭራሹ ትታዋለች ብለሽኛል። ንገሪያት፦ በውስጡ አክሲዮንም፣ በሸሪዓ መስፈርት የተመረጡ ኢቲኤፎችም ይገዛሉ፤ ወለድ መብላት ግዴታ አይደለም። ከሚኒሶታ ለመጣው የአጎትሽ ልጅ ግን ተቃራኒውን እነግረዋለሁ። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ ካናዳ ቢኖርም ለአሜሪካ ታክስ ያስገባል፣ አሜሪካ ደግሞ የቲኤፍኤስኤን ነፃነት አታውቀውም። ቀጥዬ የምነግርሽን አርአርኤስፒን ግን በሁለቱ አገሮች ውል ታከብረዋለች። እርሱ የሁለቱንም አገር ሕግ የሚያውቅ የታክስ ባለሙያ ያነጋግር።

አርአርኤስፒ ከ1957 ጀምሮ ያለ የጡረታ አካውንት ነው፤ አሠራሩም የቲኤፍኤስኤ ግልባጭ ነው። ስታስገቢ ከገቢሽ ላይ ይቀነስልሻል፣ ስታወጪ እንደ ደመወዝ ይታከሳል። የሚፈቀድልሽ ባለፈው ዓመት ሠርተሽ ካገኘሽው 18 በመቶ ነው፤ ለ2025 ጣሪያው 32,490 ዶላር ነበር። የሆስፒታሉ ጡረታ ውስጥ ካለሽ ግን ያ ጡረታ ከሩምሽ ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ 80,000ን በ18 በመቶ አባዝተሽ አትመኚ። ትክክለኛው ቁጥር ታክስ ካስገባሽ በኋላ የካናዳ ግብር መሥሪያ ቤት ሲአርኤ በሚልክልሽ ኖቲስ ኦፍ አሰስመንት ላይ ታትሟል።

በአርአርኤስፒና በቲኤፍኤስኤ መካከል የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጩኸት አለው፤ ሒሳቡ ግን ቀጥ ያለ ነው። ታክስ ያልተነካ 10,000 ዶላር ደመወዝ አለሽ እንበል። አርአርኤስፒ ውስጥ ሙሉውን 10,000 ታስገቢያለሽ፣ በጊዜ ብዛት እጥፍ ሆኖ 20,000 ይደርሳል፣ ስታወጪው 30 በመቶ ታክስ ከፍለሽ 14,000 ይቀርሻል። ቲኤፍኤስኤ ከሆነ መጀመሪያ 3,000 ታክስ ከፍለሽ 7,000 ታስገቢያለሽ፣ እጥፍ ሲሆን 14,000፣ ታክስም የለበትም። እኩል ነው። ለውጡን የሚያመጣው የወጣትነትሽና የጡረታሽ የታክስ መጠን መለያየቱ ብቻ ነው። በጡረታሽ ጊዜ 20 በመቶ የምትከፍዪ ከሆነ አርአርኤስፒው 16,000 ይሰጥሻል፤ 40 በመቶ ከሆነ 12,000 ብቻ። ያው 7,000 ከለላ በሌለው አካውንት አክሲዮን ሆኖ እጥፍ ቢሆን፣ በየዓመቱ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ባይኖረው እንኳ፣ ስትሸጪው 1,050 ታክስ ከፍለሽ 12,950 ይቀርሻል።

ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር አለ። አርአርኤስፒ 5,000 ስታስገቢ በጸደይ ወራት 1,500 ገደማ ሪፈንድ ይመጣልሻል። ያ ሪፈንድ ስጦታ አይደለም፤ ጡረታ ስትወጪ የምትከፍዪው ታክስ ቅድሚያ የተመለሰልሽ ነው። ለስልክና ለአውሮፕላን ቲኬት ካዋልሽው አርአርኤስፒሽ ከቲኤፍኤስኤ ያነሰ ይሆናል። መልሰሽ ካስቀመጥሽው ብቻ ነው ሒሳቡ የሚሰምረው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብሽ እንዲያርፍበት የምፈልገው ስለ እናትሽና እርሷን ስለመሰሉ ሰዎች ነው። የካናዳ የእርጅና ጡረታ ሙሉ ሆኖ የሚከፈለው ከ18 ዓመት በኋላ 40 ዓመት እዚህ ለኖረ ነው፤ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። በ45 ዓመቷ የመጣች እናት በ65 ዓመቷ የምታገኘው ግማሹን ነው። ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ ግን መንግሥት ጂአይኤስ የሚባል ድጎማ ይጨምርላታል፤ ይህም ሌላ ገቢ በመጣ ቁጥር ከዶላሩ 50 ሳንቲም ገደማ እየተቀነሰ ይሄዳል። ከአርአርኤስፒ የሚወጣ ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ከቲኤፍኤስኤ የሚወጣው አይቆጠርም። እንግዲህ በጽዳትና በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ደክማ በዝቅተኛ የታክስ መጠን ላይ ሳለች ባንክ ቤት የመከራት ሰው «አርአርኤስፒ ክፈቺ፣ ሪፈንድ ታገኛለሽ» ካላት፣ ዛሬ ትንሽ ሪፈንድ አግኝታ ነገ በእርጅናዋ ከእያንዳንዱ ዶላር ግማሹን ታጣለች። ለእንደዚህ ያለ ሰው መልሱ ቲኤፍኤስኤ ነው፤ እኔ በዚህ ላይ አላመነታም። እናትሽ አርአርኤስፒ ካላት ደግሞ 65 ሳይሞላት፣ ገቢዋ ባነሰባቸው ዓመታት፣ በትንሽ በትንሹ ማውጣቱ ይታሰብበት።

የልጆች አባት የሆነው ወንድምሽ ጉዳይ ይለያል። ለልጆች የሚከፈለው ሲሲቢ የሚሰላው በቤተሰቡ የተጣራ ገቢ ነው። ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ፣ በ2025 ስሌት፣ ገቢው ከ37,000 ገደማ እስከ 81,000 ገደማ ባለው መካከል በሚጨምር በእያንዳንዱ 100 ዶላር ከሲሲቢው 13 ዶላር ከ50 ይቀነስ ነበር። አርአርኤስፒ የተጣራውን ገቢ ዝቅ ስለሚያደርግ እርሱ ከታክሱም ያተርፋል፣ ሲሲቢውም ከፍ ይልለታል። አንድ ዓይነት አካውንት ለእናትሽ ጉዳት፣ ለወንድምሽ ጥቅም ነው። ለዚህ ነው «እገሌ እንዲህ አደረገ» በሚል ብቻ አካውንት አይከፈትም የምልሽ።

ለአንቺ የምመክርሽ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ቤት ገዝተሽ የማታውቂ ስለሆንሽ ቤት የመግዛት ሐሳብ ካለሽ ኤፍኤችኤስኤ ቶሎ ክፈቺ። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ያለ ነው። በዓመት 8,000፣ በጠቅላላው 40,000 ይገባበታል፤ ስታስገቢ እንደ አርአርኤስፒ ከገቢሽ ይቀነሳል፣ ለመጀመሪያ ቤትሽ ስታወጪው እንደ ቲኤፍኤስኤ አይታከስም። ሁለቱንም ጥቅም አንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ አካውንት የለም። ሩሙ መቆጠር የሚጀምረው ከከፈትሽበት ዓመት ስለሆነ ገንዘብ ባይኖርሽም እንኳ መክፈቱ ይቅደም። ቤት ሳትገዢ ብትቀሪ ወደ አርአርኤስፒሽ ይዛወራል። የሚቀርሽን ወደ ቲኤፍኤስኤ አስገቢ፤ አርአርኤስፒውን ደመወዝሽ ከዚህ ከፍ ሲል ታሰፊዋለሽ። እቁብ ደርሶሽ አንድ ጊዜ 10,000 ዶላር እጅሽ ሲገባም፣ ሩምሽን ሲአርኤ ላይ አይተሽ፣ ራስሽም ከያዝሽው ጋር አመሳክረሽ፣ ቀጥታ ወደ ኤፍኤችኤስኤውና ወደ ቲኤፍኤስኤው ይሂድ እንጂ በቼኪንግ አካውንት ወር ከወር አይክረም።

ልጅ ስትወልጂ ለልጅ ትምህርት ስለሚቆጠብበት አካውንት፣ ስለ አርኢኤስፒ፣ እናወራለን። አሁን ግን ይህን ለጎረቤቶችሽ ንገሪ፦ በዓመት 2,500 ዶላር ለልጁ ትምህርት ላስቀመጠ መንግሥት 500 ይጨምራል፣ እስከ 7,200። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ከ2004 ወዲህ ለተወለደ ልጅ፣ ወላጅ አንድ ዶላር ሳያስገባ፣ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የትምህርት ቦንድ አለ። አካውንቱን መክፈትና ማመልከት ብቻ ነው። ይህንን ገንዘብ ሳይጠይቁ የቀሩ እናቶች ሲያጋጥሙኝ አንጀቴ ይቃጠላል።

ከለላ የሌለውን አካውንት አትጥዪው። ከለላ ያላቸው ሲሞሉ መሄጃው እርሱ ነው፤ ጣሪያ የለውም፣ ገንዘቡን ስታወጪም ማንም አይጠይቅሽም። ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፦ ብትከስሪ ኪሳራሽን ከሌላ ትርፍ ላይ ትቀንሺበታለሽ፣ ወደ ኋላ ሦስት ዓመት፣ ወደ ፊት ያለ ገደብ። ቲኤፍኤስኤ ውስጥ የከሰርሽው ግን ለታክስ ምንም አይጠቅምሽም። ነገር ግን የከሰረውን አክሲዮን ሸጠሽ፣ ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ ከገዛሽና ከያዝሽው ኪሳራው አይቆጠርልሽም፤ ግዢው በቲኤፍኤስኤ ከሆነ ደግሞ ለሁልጊዜው ይጠፋል። ይህን አካውንት የያዘ ሰው መዝገብ ያስፈልገዋል። በስንት እንደገዛሽ፣ ኮሚሽኑን፣ ተመልሶ የተገዛበትን የትርፍ ድርሻ ጻፊ። በተለያየ ጊዜ የገዛሽው ሁሉ አማካይ ዋጋው ነው የሚያዘው፤ አፑ የሚያሳይሽ ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም።

የአሜሪካ ኩባንያ የትርፍ ድርሻ ሲከፍልሽ አሜሪካ 15 በመቶ ትቆርጣለች። ከለላ በሌለው አካውንት ይህን በታክስ ክሬዲት ታካክሺዋለሽ። በቲኤፍኤስኤ ከሆነ ቀልጦ ይቀራል። አሜሪካ ገበያ ላይ የተመዘገበ አክሲዮን በአርአርኤስፒ ከያዝሽ ግን በውሉ መሠረት ጭራሽ አይቆረጥም። ለዚህ ብለሽ ግን ሌሊት እንቅልፍ አትጪ፤ ገንዘብሽ ሲበዛ የሚታሰብ ነው። ወለድ የሚያፈራውን ከለላ ውስጥ፣ የካናዳ አክሲዮኑን ካስፈለገ ውጭ ማድረግ በቂ ነው።

አዲስ አበባ ቤት ገዝተው የሚያከራዩ ዘመዶቻችንም አሉ። የተገዛበት ዋጋ ከሌላ የውጭ ንብረታቸው ጋር ተደምሮ ከ100,000 የካናዳ ዶላር በላይ ከሆነ ቲ1135 የሚባል ፎርም በየዓመቱ መሙላት አለባቸው፤ አለመሙላት በቀን 25 ዶላር እስከ 2,500 ያስቀጣል። ኪራዩም እዚህ ገቢ ሆኖ ይታወጃል። እናት ወይም አባት በነፃ የሚኖሩበት ቤት ግን ለግል የተያዘ ስለሆነ ፎርሙ ውስጥ አይገባም። «አገር ቤት ያለውን ማን ያየዋል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ፎርሙ ታክስ አያስከፍልም፣ መናገር ብቻ ነው።

ከጡረታ በኋላ አገር ቤት ገብቼ እኖራለሁ የምትዪውንም አስቤበታለሁ። የካናዳ ነዋሪነትሽን ስትተዪ ከለላ በሌለው አካውንት ያለው ሁሉ ባትሸጪውም እንደተሸጠ ተቆጥሮ ትርፉ ይታከሳል። ቲኤፍኤስኤና አርአርኤስፒ ከዚህ ነፃ ናቸው። ውጭ አገር ሆነሽ ከአርአርኤስፒ ገንዘብ ስታወጪ በአጠቃላይ 25 በመቶ ይቆረጣል። ቲኤፍኤስኤው ካናዳ ውስጥ ሳይታከስ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ነዋሪ ሳትሆኚ አንድ ዶላር እንኳ ብትጨምሪበት በየወሩ 1 በመቶ ቅጣት ይመጣል፤ በባንክ በራሱ እንዲገባ ያደረግሽው ክፍያ ካለ ከመሳፈርሽ በፊት አስቁሚው።

የመጨረሻው ወረቀት ትዳር ስትይዢ የሚሞላ ነው። ቲኤፍኤስኤ ላይ ባልሽን ተራ ወራሽ ብቻ አድርገሽ አታስመዝግቢ፤ በአልበርታ ሕግ ተተኪ ባለቤት አድርገሽ ማስመዝገብ ይቻላል። ያኔ አካውንቱ ከነከለላው፣ የእርሱን ሩም ሳይነካ፣ ወደ እርሱ ይዞራል። ተራ ወራሽ ከሆነ ግን ከሞትሽበት ቀን በኋላ የሚያፈራው ይታከስበታል። ብዙ ባንኮች ሁለቱን ሣጥኖች በአንድ ፎርም ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፣ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅሽ አንዱን ይሞላዋል፤ ከመፈረምሽ በፊት የትኛው ላይ ምልክት እንዳለ ተመልከቺ።